ሰፈሩ የሚወራረድበት ህልም

ጁራንዲር በዕድሜው ሙሉ ለራሱ አንድ ዕጣ ቆርጦ አያውቅም። በእሱ ህልም ግን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ሰፈር እንዳለ ይቆርጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው የገዛውን ዳቦ በክንዱ ሥር ሸጉጦ እነጁራንዲር አጥር በር ላይ ይሰበሰብና ይጠብቃል። ጁራንዲር ሆዱን አስቀድሞ፣ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ብቅ ይላል። አውቶቡስ ሲነዳ ተሳፋሪ ያስጠብቅ የነበረውን ያህል ትንሽ አስጠብቆ ይናገራል። «ዛሬ በሬ ነው። ደረቴ ላይ ተኝቶ አልነሳም ብሎኝ አደረ» ይላል። ሌላ ቀን ዝሆን በሩ ላይ ተሰንቅሮ አላስወጣ ብሎት ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ እባብ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ።

ሰዉ ይህን ሰምቶ በቀጥታ ወደ ጄርሲኖ ነው። ጄርሲኖ ዳቦ ቤቱ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የእንስሳት ዕጣ የሚያስቆርጥ ቀጭን ሰው ነው። እንስሳቱ ሃያ አምስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሰው ደስ ያለው ላይ ገንዘብ ያስይዛል፤ ከሰዓት በኋላ ዕጣው ይወጣል። ሕጉ ይከልክል እንጂ የሰፈሩ ፖሊስ ራሱ አህያ ላይ ሳያስይዝ አይውልም። የጁራንዲር ህልም ሁልጊዜ ይሠምራል ማለት አይደለም። ግን ሰው የደረሰውን እንጂ ያመለጠውን ስለማያወራ ስሙ እንደገነነ ኖረ።

የዚያን ህልም ጓዳ የምታውቀው ሚስቱ ኦዳሌያ ናት። ማንኮራፋቱ አያስጨንቃትም፤ እሱንማ እንደ ቤት ዕቃ ለምዳዋለች። የሚያስጨንቃት ድንገት ሲቋረጥ ነው። ትንፋሹ ጸጥ ሲል እሷም ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አልመጣ ሲላት ጎኑን በክርኗ ትጎሽመዋለች፤ ያኔ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየሩን በአንድ ጊዜ ይስባል። ጠዋት ስትነግረው ይስቅባታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የራሱን ሌሊት የሰማ ማን አለ? «አንቺ ባትጎሽሚኝ ኖሮ በሬው ቁጥሩን ጭምር ይነግረኝ ነበር» ይላታል።

ነገሩ የተለወጠው በስኳር በሽታው ምክንያት ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ኢንግሪድ የደም ምርመራውን ውጤት አይታ ፊቷን አጠቆረች፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ አዘዘችለት። ልጃቸው ሮዚሌኒ ከሳኦ ፓውሎ እየገዛች ትልክ ጀመር። መጀመሪያ ሰሞን ጁራንዲርን አቅለሸለሸው፤ ሐኪሟንም፣ ልጁንም፣ እስክሪብቶውን የሠራውንም ሰው እየረገመ ሰነበተ። ማቅለሽለሹ ሲያልፍ ግን ኦዳሌያ የምታየውን ማመን አቃታት። ሰውየው ሳህኑ ላይ ምግብ ያተርፋል። አርብ አርብ ከጄርሲኖ ጋር ቢራ ሲደረድር የነበረው ሰው አንዱን ብርጭቆ ይዞ ያመሽና ግማሹን ትቶት ይነሳል፤ ማን ከለከለህ ቢሉት ማንም፣ አላሰኘኝም ነው መልሱ። ጉልበቱ ቀለለው። የሐዲዱን መሻገሪያ ድልድይ መሐል ላይ ሳያርፍ ወጣ። ስኳሩ ወረደ፣ የደም ግፊቱ ወረደ። ሐኪሟ ልቡም ኩላሊቱም ሸክም ቀሎላቸዋል አለች። ለስኳሩ የተጠራ እንግዳ ቤቱን ሁሉ ጠራርጎ የሄደ ያህል ነበር።

ከሁሉ በላይ ሌሊቱ ጸጥ አለ፤ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ጸጥ አለ። ኦዳሌያ መጀመሪያ ላይ ደንግጣ ደረቱን ትዳብስ ነበር። ይወጣል፣ ይገባል። እጇን እዚያው እንዳደረገች በደስታ ታለቅሳለች።

ህልሙ ግን ነጠፈ። ጁራንዲር ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና ራሱን ያክካል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ሰዉ ታገሠው። ከዚያ መቀለድ ተጀመረ። ጎረቤታቸው ባልቴቷ ዶና ክሬሚልዳ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ይልቅ በህልሙ ያስያዘች፣ «እስክሪብቶው እንስሳቱን ሰርዞ ጨረሳቸው እንዴ?» አለችው። ጄርሲኖ በበኩሉ ማታ ማታ ሆዱን ጠቅጥቆ እንዲተኛ መከረው። ቀስ በቀስ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ሳሳ፤ በመጨረሻ ጁራንዲር ለባዶ መንገድ እንደምን አደርክ ሊል ምንም አልቀረውም።

ኦዳሌያ ለሐኪሟ ይህንኑ አጫወተቻት። ሐኪሟ አልሳቀችም። የአንገቱ ስብ ጉሮሮውን ሲዘጋው ሌሊቱን ሙሉ እየታፈነ ይባንን እንደነበር ነገረቻት፤ ህልም የሚታወሰው ደግሞ መሐሉ ላይ ለባነነ ሰው ነው። አሁን ክብደቱ ሲቀንስ ጉሮሮው ተከፍቷል፤ ቢያልምም ሳይባንን ስለሚያነጋ አያስታውሰውም። በሬውም ዝሆኑም የአየር እጦት ነበሩ። ኦዳሌያ ይህን ቤት ወስዳ ለባሏ በነገረችው ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እንዲያውም አልወጋም» አለ።

ለምና አስለምና አልሰማትም። ሮዚሌኒ በስልክ ብትቆጣው ስልኩን ለእናቷ መለሰላት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ጫማውን እየፈታ፣ የልቡን ተናገረ። «አውቶቡሱን በጡረታ ወሰዱብኝ። ልጄ ሄደች። ሰው በር ላይ የሚጠብቀኝ ለዚህ ብቻ ነበር፣ ኦዳ።»

«እኔስ? እኔ አልጠብቅህም?»

«አንቺማ የት ትሄጃለሽ» አላት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጠላ ጫማዋን ትወረውርበት ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቷን በላት። በዓይኗ ፊት ሰውየው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሳህኑ ሞላ፣ ሆዱ ወራት ሳይቆይ ወደ ቦታው መጣ፣ ማንኮራፋቱ ተከተለ። ቀጥሎ መቋረጡ። ኦዳሌያም ወደ ክርኗ ተመለሰች። በሰፈሩ ምክንያት ልታጣው ነው፤ ይህን ታውቃለች፣ የሚሰማት ግን አልነበረም።

አንድ አርብ ጠዋት ጁራንዲር ደረቱን ነፍቶ ወጣና ዝሆን አለ። አስይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ያለ የሌለውን አስያዘ። ከሰዓት በኋላ ዝሆን ወጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ያለ ፌዣዋዳ አይውልም። ጥቁሩን ቦሎቄ ከአሳማ ሥጋው ጋር በትልቅ ድስት ኦዳሌያ ራሷ ሠራች፤ ሥጋውን ጄርሲኖ አመጣ፣ ብርቱካኑንና የተቆላውን የካሳቫ ዱቄት ዶና ክሬሚልዳ። ሰፈሩ ጓሯቸው ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ጁራንዲር እንደ ሙሽራ መሐል ተቀምጦ የሰፈሩን ሁሉ ድርሻ በላ። ደስ ብሎት ነበር፤ ኦዳሌያ እንዲህ ደስ ሲለው ካየችው ቆይታለች። ቡናውን እንኳ ሳይጠጣ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

አንዱ ሬዲዮኑን ሊያስጮኸው ሲል ዶና ክሬሚልዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ዝም በሉ፤ እየመጣለት ነው» አለች።

ሬዲዮኑ ተዘጋ። ሰዉ ወንበሩን እያነሳ ዙሪያውን ተጠጋ። ኦዳሌያ ከወጥ ቤት እጇን እያደረቀች ስትወጣ ያየችው ይህንን ነው፤ ባሏ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ያንኮራፋል፣ ሰፈሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ። ሆዱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ጣቶቹ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ።

«ትልቅ ነው» አለ ጄርሲኖ በሹክሹክታ። «በሬ ሳይሆን አይቀርም።»

«እጁን እየው እንጂ፤ እባብ ነው» አለች ዶና ክሬሚልዳ።

«ከንፈሩን እዩት» አለች ኦዳሌያ።

ድምጿ ጎላ አላለም፤ ሁሉም ግን አዩ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ኦዳሌያ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዘች። «በሬም የለም፣ እባብም የለም። ታፍኖ ነው። ስታስይዙበት የኖራችሁት ይህን ነው። በየሌሊቱ እንዲህ ሲሆን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን እናንተም አያችሁ።» ከዚያ በኃይል ነቀነቀችው።

ጁራንዲር አየሩን እያጓራ ስቦ ነቃ። ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገና ዙሪያውን ሲያይ ፊቱ በራ። «ነብር» አለ። «ጉሮሮዬን አንቆኝ።»

የተነሳ ሰው የለም። ጄርሲኖ ጫማውን ያያል።

«ምነው? ነብር ነው ያልኳችሁ። ዕጣው ሳይወጣ ሩጡ እንጂ።»

ያኔ ዶና ክሬሚልዳ ተነሳች። ጁራንዲር አንድ እንኳ ተገኘ ብሎ ፈገግ አለ። እሷ ግን ወደ ወጥ ቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተችና ኦዳሌያ ሳትጥል ያቆየችውን እስክሪብቶ ይዛ ወጣች። ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዶና ክሬሚልዳ፣ ትናንት በእኔ ዝሆን አይደል እንዴ የደረሰሽ?»

«ደርሶኛል። ባሌ ሲሞት እኔ ገበያ ነበርኩ፤ አላየሁትም። አንተን ግን እዚህ ወንበር ላይ አየሁህ። ሁለተኛ አላይም።»

ጁራንዲር እስክሪብቶውን አገላበጠው። «ታዲያ ጠዋት ማን ይመጣል እኔ ዘንድ?» አለ፤ ይህ በሕዝብ ፊት የሚናገረው ነገር አልነበረም፣ አመለጠው።

«እኔ እመጣለሁ» አለች ክሬሚልዳ። «ተነፈስክ ወይ ብዬ እጠይቅሃለሁ።»

ጄርሲኖም ዳቦ ቤቱ ጥግ ፀሐይ በዝቷል፣ በርጩማዬን ወደ አጥርህ አመጣለሁ አለ። ጁራንዲር ግን አሁን የሚያየው ኦዳሌያን ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«በየሌሊቱ ነው እንዴ፣ ኦዳ?»

«በየሌሊቱ።»

ሸሚዙን ወደ ላይ ገልቦ ሆዱን ለመላው ሰፈር ገለጠ። ኦዳሌያ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ሸፍን፣ አንተ ጉደኛ። ይህን ያህል ካቋረጡ በኋላ ዝም ብሎ አይወጋም፤ ከትንሹ ነው የሚጀመረው። ሰኞ ሐኪሟ ጋ አብረን እንሄዳለን» አለችው። ሰኞ አብረው ሄዱ።

ማቅለሽለሹም እንደገና መጣ፣ እርግማኑም። ሆዱ በቀስታ ጎደለ፣ ሌሊቱም በቀስታ ጸጥ አለ። ዶና ክሬሚልዳ ቃሏን ጠበቀች፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ተነፈስክ ወይ ትለዋለች፤ እሱም እስካሁን አልከለከሉኝም ይላታል። ጄርሲኖ በርጩማውን አምጥቶ እዚያው ሠፈረ።

አንድ ቀን ኦዳሌያ ዓይኗን ስትገልጥ ፀሐይ አልጋው ላይ ወጥታለች። ጁራንዲር ጫፉ ላይ ተቀምጦ መዳፉን አፍንጫዋ ሥር ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሻል? ደጋግሜ ብጠራሽ አትሰሚም። አንቺ እንዲህ ተኝተሽ አታውቂም እኮ። ሞተሽብኝ ነበር የመሰለኝ።»

ኦዳሌያ ዓይኗን አሸች። «ህልም አየሁ» አለች። ከመቼ ወዲህ ህልም አይታ እንደሆነ ልታስታውስ አልቻለችም። ስንት ዓመት ሙሉ ትንፋሹን ስታዳምጥ ስታድር ያን ያህል እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም ነበር።

ጁራንዲር ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ምን ነበር?»

«ባሕሩ ዳር በእግራችን እንሄዳለን። አንተ ጫማዬን ይዘህልኛል።»

«እንስሳውስ?»

«እንስሳ የለም።»

«ውሻ እንኳ አላለፈም?»

«የለም አልኩህ። አንተና እኔ ብቻ ነን።»

ከአጥሩ ማዶ የክሬሚልዳና የጄርሲኖ ድምፅ ይሰማል። ጁራንዲር ተነሳ፤ በቁምጣው እስከ በሩ ሄዶ ከፈተው።

«ዛሬ ኦዳሌያ አልማለች» አላቸው። «የሚያስይዝ ግን የለም። ለእኔ ብቻ ነው።»