ምሳ ላይ ያልተነገረው

ቀጮ የሚለውን ስም ያወጣላት ጋሼ ነው። የገዛ ልጁን ደግሞ ጉንጬ ይላት ነበር። ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ «እናንተን ደባልቆ እኩል የሚያካፍል ሰው ይጥፋ!» እያለ ይስቅባቸዋል። ስሞቹ ከቤት ወጥተው ትምህርት ቤት ድረስ ገቡ፤ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ በዚያው ለመዱ።

ጋሼ የከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ ነበር፤ የቀጮ አባት ምክትሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተቀጥረው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዲት ኮት በተራ እየለበሱ እዚህ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ሲያገቡም አንዱ ለአንዱ ሚዜ ሆነ። ጋሼ ኃላፊ ተብሎ የተሾመ ዕለት የቀጮ አባት አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ «እንኳንም አንተ ሆንክ» ብሎት ነበር። ያየ ሁሉ ከልቡ ነው አለ። ምናልባትም ከልቡ ነበር።

ከዚያ የውሃው ጉዳይ መጣ። አንድ ቅዳሜ ክሎሪን የሚጨምረው ፓምፕ ቆመና ውሃው ሳይታከም ወደ ከተማው ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ክሊኒኮቹ በታመሙ ሕፃናት ተጨናነቁ። ደግነቱ የሞተ አልነበረም። ጥፋት ግን ባለቤት ይፈለግለታልና ጋሼ ከሥራው ተባረረ። «ጋሼ አጥፍቶ ነው» ተባለች ቀጮ፤ ከዚያ በላይ የነገራት የለም። ዓመት ሳይደፍን ጋሼ በተቀመጠበት ልቡ ቀጥ አለ። ለቅሶው ላይ ከሰው ሁሉ በላይ ያነባው የቀጮ አባት ነበር፤ ሰው ደግፎ ነው ያስወጣው።

በቦታው የተተካውም እሱ ነው። ሹመቱ ግን አልተመቸውም። ድሮ ቀልደኛ የነበረው ሰውዬ ሰው ወንበር ሲስብ ይደነግጣል። የግቢው በር ሲንኳኳ ማንኪያውን ያስቀምጥና «እስቲ ማነው በሉ» ይላል፤ ራሱ ግን አይነሳም። ጋሼ በሩን በቁልፉ ነበር የሚያንኳኳው፤ አንድ ቀን ቆጣሪ አንባቢው በብዕሩ ብረቱን ሲመታ አባቷ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ጓዳ ገባ። እናቷ ተከትላው ገባችና በሩን ዘጋች። ቀጮ ብቻዋን ገበታው ላይ ቀረች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ አዲስ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መጣች። ተማሪው ቲቸር ይላታል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትቆጣም የማትጮህ ሴት ናት። በሁለተኛው ወር አንድ ጥንታዊ ትራጄዲ አስጀመረቻቸው። ታሪኩ የአንድ የጦር አዛዥ ነው። ንጉሡ ይወደዋል፣ ያምነዋል፣ ቤቱ በእንግድነት ያርፋል፤ እሱ ግን ከሚስቱ ጋር መክሮ በተኛበት ይገድለውና ዙፋኑን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የተኛ ሰው በዚያ ቤት የለም።

«ቲቸር፣ ይሄ እንግሊዝኛ ነው ወይስ እርግማን?» አለ ከኋላ ሬዲዮ። ሬዲዮ ያሉት አፉ ስለማይዘጋ ነው።

«ሁለቱም ነው» አለች ቲቸር። «ቀስ ብለህ አንብበው።»

ተማሪውን ያስቀመጠችው በራሷ ምርጫ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አታውቅም። ቀጮና ጉንጬን አንድ ዴስክ ላይ አደረገቻቸው። ከለቅሶው ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ጉንጬ ጉንጮቿ ጠፍተው ፊቷ ረዝሟል። መጽሐፉ አንድ ለሁለት ስለነበረ መሃል ላይ ያስቀምጡታል፤ ገጹን የምትገልጠው ሁልጊዜ ጉንጬ ናት፣ ቀጮ ጨረሰች አልጨረሰች ሳትጠይቅ።

አንድ ቀን ቲቸር መጽሐፏን ከድና ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

«እስቲ ንገሩኝ» አለች። «ይህ ሰው ንጉሡን የገደለው መቼ ነው?»

«ጩቤውን ሲሰካበት!» አሉ ብዙዎች።

«ከዚያ በፊት አልገደለውም?»

ሬዲዮ እጁን እንኳ ሳያወጣ «ቲቸር፣ ገበታ ላይ ነው የገደለው» አለ። «አስቦበት የለ? እያወቀ ‹ብላ፣ ጠጣ፣ ቤት ያፈራውን› እያለ ሲያጎርሰው ነው የጨረሰው። ሌላው ሥጋ መቁረጥ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸርም ፈገግ አለች። ጉንጬ ግን አልሳቀችም። ዘወር ብላ ቀጮን ትክ ብላ አየቻት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊት ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። ቀጮ ምክንያቱን ሳታውቅ ዓይኗን ወደ መጽሐፉ መለሰች።

በሚቀጥለው ሳምንት ትዕይንቶቹን በቡድን እየተከፋፈሉ እንዲጫወቱ ተባለ። ለእነቀጮ የደረሳቸው የግብዣው ክፍል ነው፤ አዲሱ ንጉሥ እንግዶቹን ሰብስቦ ሲያበላ፣ ከነገሠ በኋላ ያስገደለው ሌላ ወዳጁ ሙት ሆኖ ይመጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከእሱ በቀር የሚያየው የለም። ቲቸር ዕጣ አስወጣቻቸው። ንጉሡ ለቀጮ ወጣ፤ ሙቱ ለጉንጬ።

«መቀየር እንችላለን?» አለች ቀጮ ቀስ ብላ።

«ለምን?» አለች ጉንጬ። «እኔ ተስማምቶኛል።»

የተጫወቱበት ቀን ዴስኮቹን ገጣጥመው ረጅም ገበታ ሠሩ። ሬዲዮና ሌሎቹ እንግዳ ሆነው ተቀመጡ። ቀጮ ከትምህርት ቤቱ መጋረጃ የተሠራ ካባ ደርባ የሌለ ብርጭቆ አነሳችና ቃሏን ጀመረች። ጥሩ አድርጋ አጥንታው ነበር። ጉንጬ በበሩ ገባች። ፊቷን ዱቄት አልቀባችም፣ አላቃሰተችም፣ እጇን አልዘረጋችም። ዝም ብላ መጣችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ሁለት ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ጭንቅላቷን ወደ ግራ ዘመም አደረገች።

ጋሼ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው።

ቀጮ አፏን ከፈተች፤ እንግሊዝኛው ጠፋ። ዓይኗ ላይ የመጣው ክፍሉ ሳይሆን የቤታቸው ሳሎን ነው፤ ያ ቅዳሜ፣ ያ ምሳ። ጋሼ በዚያ ወንበር ላይ ክንዱን አጣጥፎ ስለ ጉንጬ ጉንፋን ያወራል፤ አባቷ ሳህኑ ላይ እየጨመረለት ይስቃል፤ እናቷ ከኩሽና ትመለሳለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ በፊት ጠዋት ላይ ከጣቢያው ስልክ ተደውሎ ነበር። አባቷ ቁርሱን ትቶ ተነሳና «ፓምፑ ነው? እሺ፣ አንተ ተወው፣ እኔ እነግረዋለሁ» አለ። ይህን ሁሉ ቀጮ ሰምታለች። ሰምታም ረስታዋለች፤ ለልጅ የፓምፕ ወሬ ምኗ ነው?

«ቀጮ፣ ቀጥይ እንጂ» አለች ቲቸር።

አልቻለችም። ካባውን ወንበሩ ላይ ጥላ ወጣች።

ጉንጬ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«አስመሰልሽው» አለች ቀጮ።

«አባቴ ነው፤ ማንን ላስመስል?»

«ጉንጬ፣ ያን ቀን ምሳ ላይ... አባቴ ስለ ፓምፑ ምንም አልነገረውም። እኔ ነበርኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ ነበር።»

ጉንጬን ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር አፈናት።

«አባትሽ ምን ብሎ እንደመሰከረ አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«‹ምሳ ላይ ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ይደርሳል ብሎ ተወው› አለ። አባቴ አልነገረኝም አለ። አንድ ለአንድ ሆኑ። መርማሪዎቹ ገበታው ላይ ሌላ ማን ነበር ብለው ጠየቁ። እናትሽ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስላልበላች አልሰማሁም አለች። አባቴ...» ወደ መስኮቱ ዞረች። «አባቴ ማንም አልነበረም አላቸው።»

«እኔ ነበርኩ እኮ!»

«መኖርሽንማ ያውቃል! እማዬ ለምን ልጅቷን አትጠራትም ብላ አበደችበት። ‹ልጅን በአባቷ ላይ አላቆምም፤ ነገ የት ትገባለች?› አላት። እስኪሞት ድረስ ከዚያ ቃሉ ንቅንቅ አላለም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹እሱ ይሆናል› ይል ነበር። አባትሽን ይጠብቅ ነበር፤ መጥቶ ይነግረኛል ብሎ። እኔ አንቺን የጠላሁሽ ለምን ይመስልሻል? ያዳነሽ እኛን ጥሎ ነው።»

ደወሉ ተደወለ። ተማሪው ከየክፍሉ ጎረፈና ለያያቸው።

ቀጮ ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋው ላይ የታጠበ አንሶላ ታጥፋለች። ቀጮ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ አባዬ ለጋሼ አልነገረውም።»

የእናቷ እጅ አንሶላው ላይ ቆመ። «ማነው ይሄን ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። እዚያው ነበርኩ።»

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትቆጣለች ብላ ስትጠብቅ ጭራሽ ድምፅዋ ለሰለሰ።

«አባትሽ ሊነግረው ነበር» አለች። «ከልቡ ሊነግረው ነበር። ኩሽና መጥቶ ‹አሁን ልንገረው?› አለኝ። መጀመሪያ ምሳውን ይብላ አልኩት። በልቶ ሲወጣ ደግሞ ‹በይ ልደውልለት› አለኝ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ‹ተው እስቲ፤ አንተ እስከ መቼ ምክትል ትባላለህ? ራሱ ይድረስበት› አልኩት። ሰው ይታመማል ብዬ አላሰብኩም። ይወቅሱታል፣ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል ብዬ ነው። አባትሽ ስልኩን እንደያዘ ቁጭ አለ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።» አንሶላውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ጋሼ ቢሞትም አልሄደም፣ ልጄ። እዚሁ ነው ያለው። አባትሽ በሩ ላይ ይሰማዋል፤ እኔ ኩሽና ውስጥ።»

አባቷ ሲገባ ቀጮ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀችው። ሁሉንም ነገረችው። ስለ እናቷ የሰማችውን ብቻ ተወች። ገና ስትጀምር «የትያትር ወሬ ይዘሽ መጣሽ?» ሊላት ሞክሮ ነበር። ጋሼ «ገበታው ላይ ማንም አልነበረም» ማለቱን ስትነግረው ግን አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ያዘ።

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ። እስኪሞትም ይጠብቅህ ነበር። በር ሲንኳኳ ‹እሱ ይሆናል› ይል ነበር።»

«እሱ ይሆናል አለ?»

ደጋግሞ ያንኑ ጠየቃት። እሷም ደጋግማ መለሰችለት። ከዚያ አባቷ ቀጮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ አለቀሰ። ለቅሶው ቤት ካለቀሰው ጋር አይገናኝም።

በማግስቱ ጣቢያው አልሄደም። ጋሼ ቤት ሄደ። ሚስቲቱ በሩን ከፈተችለት፤ አላስገባችውም፣ አላባረረችውምም። ደጃፉ ላይ ቆሞ የመጣበትን ተናገረ። ሲጨርስ «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገር» ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ለበላዮቹ ተናገረ። ማን አማከረህ ሲሉት «ብቻዬን ነው ያደረግሁት» አለ።

ነገሩ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሠራተኛው ተሰብስቦ ጋሼ ጥፋት እንደሌለበት ተነበበ፤ ፎቶውም ከቀድሞ ኃላፊዎች ጋር ተሰቀለ። አባቷ ተከሰሰ፤ ራሱ ቀርቦ በማመኑ ፍርዱ በገደብ ቀለለት። አሁን የግል ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ማጠቢያ ሥር ተንበርክኮ ይውላል። ከስቷል፣ ግን ሰው ወንበር ሲስብ አይደነግጥም። በር ሲንኳኳም ራሱ ተነስቶ ይከፍታል።

ጉንጬ ቲቸርን አስፈቅዳ ሌላ ዴስክ ተቀየረች። ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤ ያም ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ብቻ ቆም ብላ «እናትሽ ግን እውነት ምንም አልሰማችም?» አለቻት።

ቀጮ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ ከስታለች፤ ምግብ አስቀምጣ መብላት ትረሳለች፤ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ስታወራ ትሰማታለች፣ መልስ እንደሚሰጣት ሰው ፋታ እየሰጠች።

«አልሰማችም» አለች ቀጮ።

ጉንጬ ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ቀጮ እዚያው ቆመች። አንድ ሰው ከኋላዋ የመጣ መሰላትና ዘወር አለች፤ ኮሪደሩ ባዶ ነበር።