ኩርፊያ የቆረቆረው መንደር

መንደራችንን ከጉብታው ላይ ሆኖ ላየ ሰው፣ ቤቶቹ ከሰማይ የተዘሩ ይመስሉታል። አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ከጉብታው ጀርባ፣ አንዱ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን። እንግዳ ሰው መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ነው ይላል። ድንጋዩስ ምን አደረገ? ሰውን የበታተነው ኩርፊያ ነው። የመንደሩ የመጀመሪያ ሰው ከወንድሞቹ ተጣልቶ፣ ድምፃቸው እስከማይሰማው ድረስ ሄዶ ሄዶ እዚህ ጎጆ ቀለሰ። ልጆቹም በተራቸው ተኳርፈው አንዱ ወንዙን ተሻገረ፣ ሌላው ጉብታውን ዞረ። እዚህ የሁለት ቤት ርቀት የሚለካው በጠቡ ክብደት ነው። በሚስት የተጣሉ አይተያዩም። በዶሮ የተጣሉ ቢጠራሩ ይሰማማሉ፤ ግን አይጠራሩም።

ልብስ ሰፊዋና ታናሽ ወንድሟ የተጣሉት በዛፍ ነው። የስፌት መኪናዋን የሚያጠላላትን ዛፍ ለበር እንጨት ብሎ ገነደሰው። እሷ አፏን ከፈተች፣ እሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ከጉብታው ጀርባ ቤት ሠራ። ቃል ስለማይወጣው አገሬው በአሽሙር «ራዲዮ» ይለዋል። እናታቸው ከልጅቷ ጋር ቀሩ።

አውቶቡስ ወደ እኛ የሚታጠፈው መገንጠያው ካለው ግንድ ላይ ነጭ ጨርቅ ከተሰቀለ ብቻ ነው። ካልተሰቀለ ሾፌሩ ዞር ብሎም አያይ። አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ጨርቅ ተሰቅሎ ያየ ሰው ደግሞ፣ ባለቤቱ ረስቶት ነው ብሎ አውርዶ ይመልሳል። ለነገ ብሎ በዋዜማው የሚሰቅል ጎረቤቶቹን አስቀድሞ ይነግራል።

ልብስ ሰፊዋ አንሶላዋን በዋዜማው ሰቀለች። ከተማ የመጡት የዓይን ሐኪሞች በማግሥቱ ይሄዳሉ፤ የእናቷ ቀኝ ዓይን ጠፍቷል፣ ግራው ጉም ለብሷል። ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረች፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሳትነግር።

ጠዋት እናቷን ደግፋ ወንዝ ዳር ስትጠብቅ፣ አውቶቡሱ ሳይታጠፍ በላይኛው መንገድ እየጮኸ አለፈ። እየሮጠች ወጣች። ግንዱ ባዶ ነው፤ ሥሩ የጋሪ ጎማ የሄደበት ይታያል። በዚህ መንደር ጋሪ ያለው አንድ ሰው ነው።

አንሶላው ራዲዮ ቤት ወንበር ላይ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፎ ተቀምጧል።

«አንሶላዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ማታ ዳመነ። እንዳይበሰብስ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላመጣህልኝም?»

የአንሶላውን ጠርዝ አስተካከለ።

«ጎሽ! ስትቆርጥም ዝም፣ ስታጥፍም ዝም። የእማዬን ዓይን አብረህ አጥፈህ አስቀመጥከው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ዛሬ መሆኑን ማን ነገረኝ፣ እትዬ?»

ሌላ የምትለው ብታጣ የአንሶላውን አስተጣጠፍ ሰደበች።

እሱ ፈረሱን ለጋሪው ጠመደ፣ እናታቸውን መሃል አስቀምጠው ወደ ከተማ ተጓዙ። ያን ቀን ራዲዮ ተከፈተ፤ መዝጊያው ጠፋ። ከዛፉ ጀምሮ የአባታቸውን ካፖርት ማን ወሰደው እስከሚለው ድረስ፣ ያልተነሳ ነገር የለም። ፈረሱ እንኳ ጆሮውን አጣብቆ ነው የሄደው። ከተማ ሲደርሱ የሐኪሞቹ ድንኳን ተነቅሎ ዘበኛው ገመድ ይጠቀልላል። ለከርሞ ኑ አላቸው። ልብስ ሰፊዋ ዘበኛውን ተሳደበች፣ ገመዱን ተሳደበች፣ ወንድሟ ላይ ስትደርስ የፈረሱን ልጓም አቀበለችው።

ሲመለሱ መገንጠያው ላይ እናትየው ጋሪውን አስቆሙ። ወርደው በእጃቸው እየዳበሱ ግንዱ ሥር ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ቤት እንግባ እንጂ» አለች ልጅቷ።

«የማን ቤት? እሷ ጋ ስሆን አንተ የለህም፣ አንተ ጋ ብመጣ እሷ አትኖርም። ዓይኔ ደህና ሳለ ስትኳረፉ አየሁ። አሁን ደግሞ በጨለማ ልስማችሁ? ቤቴን እዚህ ሥሩልኝ። አውቶቡሱን እኔው አስቆመዋለሁ።»

«መንገድ ዳር?»

«መንገድ ዳር። እንቢ ካላችሁ እዚሁ አድራለሁ።»

ሲለምኗቸው መሸ፤ ንቅንቅ አላሉም። እዚያው አደሩ፤ ልጆቻቸውም ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ተራ በተራ እያጉረመረሙ።

ቤቱ ተሠራ። ራዲዮ ግንብ የሚያክል ዝምታውን ይዞ መጥቶ ማገር መታ፤ እህቱ ምስማር ስታቀብለው እንኳ በንዴት ነበር፣ ሁለት ጊዜ መዳፉን ወጋችው። በር ሲጎድል የራሱን ቤት በር ነቅሎ አምጥቶ ገጠመው፤ ያንኑ የዛፉን በር። እሷ አየችው፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀባችው።

በመንደራችን ታሪክ ጠብ ያቀራረበው ቤት ይሄ ብቻ ነው። የግራው ዓይን እስከ ከርሞ ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ የለም። እናትየው ግን የሞተር ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንሶላውን ይዘው ይወጣሉ። አውቶቡሱ ይቆማል፤ ተሳፋሪ የለም። «ሐኪሞቹ መጡ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ይራገማል። እሳቸውም አይምሩትም።