ጥቁር ቀበቶ ካሰርኩ ወዲህ

እና ሞተሩን ባጠፋው ይበርደኛል፣ ባላጠፋው ድምፁ ይሰማል፣ ማን ሊሰማው፣ ጋሼ አሥራት እንደሆኑ አዳራሹ ውስጥ ወለሉን እየወለወሉ ነው፣ ከፓርኪንጉ ማዶ በመስኮቱ ይታዩኛል፣ ነጭ የቴኳንዶ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ብቻቸውን። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ያልረገጠውን ወለል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሰፈሩ፣ ፍራንክሊንተን፣ ገና አልነቃም፣ ከፊት ያለው ጎማ ቤት እንኳ አልተከፈተም፣ እኔ ግን እዚህ ነኝ፣ መጥቻለሁ ግን አልመጣሁም፣ ይሄ ምን ይባላል።

ግቢ ሐምራዊት። ግቢ።

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው። የቴኳንዶ ልብሴን አልያዝኩም፣ ቤት ቆሻሻ ልብስ መሀል ተጠቅልሎ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ባላውቅ ይሻላል፣ ታዲያ ለምን መጣሁ፣ ለማየት ነው፣ ሌላ ሰው መጥቶ እንደሆነ ለማየት፣ አንድ ሰው እንኳ ቢመጣ ዞሬ እንቅልፌን ልተኛ። ማንም የለም።

ስልኬ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ናቸው፣ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፣ መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፣ አነሳዋለሁ፣ ሄሎ ጋሼ፣ ደህና አደርሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፣ ዛሬስ ትመጫለሽ ወይ ብዬ ነው፣ ውይ ጋሼ ዛሬም ሥራ አስገቡን፣ ኦቨርታይም፣ ማንዳቶሪ ነው፣ ግዴታ፣ አሉን። ማንዳቶሪ። አፌ እንዴት ለመደው፣ ሳልደናቀፍ ነው ያልኩት። አይዞሽ ይሉኛል፣ ሥራ ይቀድማል፣ ካርቶን ስታነሺ ወገብሽን ተጠንቀቂ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እሺ ጋሼ፣ በይ ቻው ልጄ። ስልኩን ከዘጉ በኋላም ትንሽ ያዩታል። ከዚያ መወልወያውን ያነሳሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

እኔ ነኝ እኮ ይሄን ሥልጠና የጀመርኩት፣ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ፒከሪንግተን ከተማ ለቅሶ ቤት ነው ያየኋቸው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ሲቆረጥሙ፣ እኚህ ሰውዬ ካርቱም በስደት እያሉ የቤት ጣሪያ ላይ ቴኳንዶ ያሠለጥኑ ነበር አለኝ አንዱ፣ እኔ ደግሞ ደሴ ቡናማ ቀበቶ ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ዲቪ ደርሶኝ በመሀል የተቆረጥኩ፣ ልቤ ዘለለች፣ ጋሼ ያስተምሩኝ አልኳቸው፣ እኔ ትቼዋለሁ ልጄ፣ ጉልበቴም አብሮኝ ትቶታል። እምቢ አልኩ። ኤርፖርት የተከራይ መኪና ተሳፋሪዎችን የሚያመላልሰውን አውቶብስ ነው የሚነዱት፣ ጋሃና በሚባለው ሰፈር በኩል፣ በረፍቴ ቀን ሁሉ እየሄድኩ እሳፈር ነበር፣ ሻንጣ የለኝ፣ በረራ የለኝ፣ ከኋላቸው ተቀምጬ አብሬያቸው እዞራለሁ፣ ፈረንጁ ሻንጣውን ሲጎትት እኔ እንዲያው ዝም ብዬ፣ አንቺ ልጅ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው፣ እሺ ይበሉኝና እወርዳለሁ። ሳቁ። እሺ አሉ። እሺ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ተማሪው በዝቶ አዳራሹ አይበቃንም ነበር። በኋላ ኑረዲን የሌሊት ሺፍት ገባ ቀረ፣ ፍርዶስ ወለደች ቀረች፣ ስንቱ ሳይናገር ቀረ፣ እኔ ደግሞ በየሰዉ ጀርባ ስንት አልኩ፣ ወኔ የላቸውም፣ አሜሪካ አሰነፋቸው፣ የወለደችን ሴት እንኳ አማኋት፣ ምላሴን።

በጸደይ ጥቁሩን ቀበቶ ራሳቸው አሰሩልኝ፣ ቀና በይ አሉኝ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ፖስት አደረግኩ፣ ደሴ እናቴ ፎቶዬን ይዛ እድርተኛውን ሁሉ አዳረሰች፣ ላይኩ ጎረፈ፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ተኛሁ። በቃ። ሰው አልሞተብኝ፣ አላመመኝ፣ ምክንያት ብፈልግ የለም፣ ያን ያህል ስመኘው የኖርኩትን አገኘሁና ምኞቱ አብሮ አለቀ፣ አልጋው ሞቀኝ። አንድ ቅዳሜ። ሌላ ቅዳሜ። አሁን የአፓርታማዬን ደረጃ ስወጣ አለከልካለሁ፣ ጥቁር ቀበቶ ነኝ ብዬ ለሰው ሳወራ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

በሩ ይከፈታል። ጋሼ የቆሻሻ ከረጢት ይዘው ይወጣሉ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቀው፣ በዚህ ብርድ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ልጎንበስ፣ የት ልግባ፣ የቆሻሻው ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉታል፣ ቀና ይላሉ፣ መኪናዬን ያውቋታል፣ ስንት ጊዜ ቤታቸው አድርሻቸዋለሁ በእሷ፣ ያዩኛል። ዓይን ለዓይን።

ከዚያ ፊታቸውን ያዞራሉ። ወደ ሰማይ ያያሉ፣ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው፣ እኔን ያላዩ መስለው፣ ለእኔ ብለው፣ ውሸቱን እንኳ ከእጄ ተቀብለው ሊሸከሙልኝ። ይገባሉ። በሩን አይዘጉትም፣ ወንበር አምጥተው ያስደግፉታል፣ ብርዱ እየገባ።

ቢሰድቡኝ ኖሮ መሄድ እችል ነበር።

እወርዳለሁ። ደጃፉ ላይ ጫማዬንና ካልሲዬን አወልቃለሁ፣ በጂንስ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ከሥራ ቶሎ ለቀቁሽ እንዴ ይሉኛል ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ መውጫ እየከፈቱልኝ ነው፣ አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፣ አፌ አዎ ሊል ይከፈታል፣ የለም ጋሼ። ሥራ አልነበረኝም። ባለፈውም አልነበረኝም። መኪና ውስጥ ነበርኩ።

ዞር ይላሉ። አውቃለሁ ይሉኛል፣ ፍርዶስን አግኝቻት አንድ መጋዘን አይደል የምትሠሩት፣ ቅዳሜ ኦቨርታይም ከቀረ ቆየ አለችኝ። ታዲያ ለምን ይደውላሉ ጋሼ። ትመጪ እንደሆነ ነዋ። ደግሞ እኔም ዛሬ አልጋው ይዞኝ ነበር፣ ይሄ ጉልበት፣ ትመጣና በሩ ተዘግቶ ታገኘዋለች ብዬ ነው የተነሳሁት።

ወለሉ መሀል እገባለሁ። አለቅሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለቅስም።

ቻርዮት ይላሉ፣ በኮሪያኛ ተጠንቀቅ ማለት ነው። እቆማለሁ፣ እግሬን ገጥሜ፣ እጄን ከጎኔ፣ ሰውነቴ ያስታውሳል፣ አጎነብሳለሁ፣ እሳቸውም ያጎነብሱልኛል፣ ለእኔ። የርግጫ መለማመጃውን ፓድ ያነሳሉ፣ ፊታቸው ላይ፣ የድሮው ከፍታዬ ላይ፣ እነሳለሁ፣ እዞራለሁ፣ ጂንሱ ጭኔን ይይዘኛል፣ እግሬ ወገባቸው ጋ ደርሶ ይወድቃል። አየር። እደግማለሁ። አየር። ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ በሦስተኛው ይመታል፣ ጧ ይላል፣ ደስ ሊለኝ ነው፣ ሳይ ፓዱ ደረታቸው ጋ ነው፣ ቀስ ብለው አውርደውልኛል፣ ምንም ሳይሉ፣ እንደ ጀማሪ፣ እንደ ሕፃን።

ከፍ ያድርጉት ጋሼ።

አይደርስም ልጄ፣ ቀስ በቀስ ነው።

አውቃለሁ አይደርስም፣ ከፍ ያድርጉት እላለሁ፣ ያዩኛል፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ፓዱን ወደ ፊታቸው ይመልሱታል፣ እነሳለሁ፣ አይደርስም፣ እርጥቡ ወለል እንደ ሰም ያንሸራትተኛል፣ ተነስቼ እቆማለሁ፣ እንደገና