የጀብሪል ሁለት አባቶች

«እናቴ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለኝ ሚኪያስ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ። መርሳ መሬት ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው። ክፉ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

«ሁለት ሰው የምትለኝ አያቴን እኮ ነው!» አልኩት።

አንደኛው የግብር ደረሰኝ ነው። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ መንደራችን ግራና ሲደርስ፣ ልጆቼን ይዤ ስሸሽ በመቀነቴ ቋጥሬ ያወጣሁት። «ጀብሪል ዓለምነህ» ይላል። ሌላውን ወልድያ ሄጄ፣ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቼ፣ ከአሮጌ የመሬት መዝገብ አስገለበጥኩት። እሱ ደግሞ «ጀብሪል አብዱልጀሊል» ይላል። ማሳው አንድ፣ የሚያዋስነው ወንዝ አንድ፣ አባትየው ግን ሁለት! የቀበሌያችን መዝገብ ተቃጥሏል፤ የእኔም የይዞታ ደብተር ከነቤቴ ሄዷል። ማሳው ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ መድረሱን እስከ ማክሰኞ ካላስረዳሁ፣ ባለቤት የለውም ተብሎ የወል መሬት ይሆናል። ስድስት ልጅ ያሳደግኩበት ማሳ፣ ወላሂ!

«ጀብሪልን የሚያውቅ ሽማግሌ ያምጡ» አለኝ።

ከየት ላምጣ? አባቴ ናስር ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተው። የቅሬያችንን ዳኛ ጠየቅኩ። ቅሬ መቼም እስላም ክርስቲያን ሳንል ሙታችንን አብረን የምንቀብርበት ነው፤ ዳኛው የማያውቁት ቤተሰብ የለም። ትንሽ አሰቡና «መርሳ ጎማ የሚጠግነው በላይ አያቱ ዓለምነህ ነበር» አሉኝ።

ጋሽ በላይን አውቃቸዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ የልጃቸው የእስራኤል መርዶ ከጦር ሜዳ ሲመጣ ለቅሶ ደርሻለሁ። ከወፍ የተረፈችው ማሽላዬ አውድማ ላይ ስለነበረች፣ «አላህ ያጽናዎት» ብዬ፣ ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ።

ጎማ እየፈቱ አገኘኋቸው። «ከድጃ ነኝ፣ የግራናዋ» አልኩ።

«አውቅሻለሁ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ወረቀቶቹን አውጥቼ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሰሙኝና «ዝምድናችን ትዝ ያለሽ ዛሬ መሬት ሲነካ ነው?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «የምን ዝምድና? ምን በደልኩዎት?»

ያኔ ቀና አሉ። ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «ማንም አልነገረሽም እንዴ?»

መፍቻውን አስቀምጠው ነገሩኝ። አብዱልጀሊልና ሚስቱ በአንድ ሳምንት በወረርሽኝ ሲሞቱ፣ ጀብሪል ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። ጎረቤታቸው ዓለምነህ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ለሕፃኑ አጠባው። በዚህ ወግ የጡት ልጁ አደረገው። ሚስቱም ከራሷ ልጅ፣ ከጋሽ በላይ አባት ጋር፣ በግራና በቀኝ ጡቷ አጠባችው። ሃይማኖቱን አልነኩበትም፤ ሥጋ ሲበላ እንኳ ከእስላም ቤት እያመጡለት አደገ። ማሳውንም እንደ ልጁ ቆርሶ የሰጠው ዓለምነህ ነው። ግብር ሰብሳቢው የዓለምነህ ልጅ ብሎ ጻፈው፤ ወልድያ ሲጠይቁት ግን ጀብሪል ራሱ ወላጅ አባቱን ጠራ። አንዱንም መተው አልሆነለትም።

«አባቴና አያትሽ የአንድ ጡት ልጆች ናቸው» አሉኝ። «እስራኤል ሲሞት ዘመድ የሆነ ሁሉ ሰባት ቀን መሬት ላይ አብሮኝ ተቀመጠ። አንቺ እንደ ባዳ ብቅ ብለሽ ሄድሽ። ካደችን ብዬ ተቀየምኩሽ።»

ወረቀቶቼን ሰብስቤ፣ ይመጡልኛል ሳልል ወጣሁ።

ማክሰኞ ግን መጡልኝ። ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከእኔ ቀድመው። ለሚኪያስ ሁሉንም ነገሩት። ልጁ እየጻፈ ድንገት ብዕሩን አቆመ።

«ማሳው የአያትዎ ከነበረ እርስዎም መጠየቅ ይችላሉ። ጥያቄ አለዎት?»

ያ ረቢ! ያመጣኋቸው ምስክር ማሳዬን ይዘውት ሊሄዱ!

ጋሽ በላይ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፣ ረዘም አድርገው። «አያቴ ለልጁ የሰጠውን እኔ ከልጅ ልጁ ልንጠቅ?» አሉና ፈረሙ።

የማሳው ማረጋገጫ እጄ ገባ። በር ላይ ጋሽ በላይ «በይ ደህና ግቢ» ሲሉኝ፣ ወደ መናኸሪያው አልሄድኩም። እስከ ቤታቸው ተከተልኳቸው።

ሚስታቸው ወይንሸት ጥቁሯን እንደለበሰች ግቢው ውስጥ ምስር ትለቅማለች። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። «ወንድሜን! እስራኤል ወንድሜን!» ብዬ ስጮህ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«ምነው ከድጃ?» አለች ደንግጣ። «ሁለት ወር ካለፈ በኋላ?»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔ የወንድሜን መርዶ ገና አሁን ነው የሰማሁት» አልኳት።