የኢዮብ ሚስት

"አንድ፣ ሁለት፣ ሳቢ!"

ሁለቱ ሴቶች አንሶላውን ግራና ቀኝ ጨብጠው ግንበኛውን በጎኑ አዞሩት። ከፎቅ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ ሚስቱ ብቻዋን ልታገላብጠው አልቻለችም። የምታግዛት ሆስፒታሉ ውስጥ አጠገቡ የተኛው ሹፌር ሚስት ናት፤ እሷም በተራዋ ሹፌሩን ታነሳላታለች። አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም፤ የሚያጥቡት ቁስል ግን ያው ቁስል ነው።

የግንበኛው ታላቅ ወንድም እግርጌ ቆሞ መጽሐፉን ገለጠ።

"ታገሥ ወንድሜ። ኢዮብ መላ አካሉ ቆስሎ ታግሷል።"

"ቁስሉን ማን አጠበለት?" አለች የግንበኛው ሚስት፣ ፋሻውን እየጠቀለለች።

"ሚስቱማ ፈጣሪህን ሰድበህ ሙት ያለችው ናት።"

"ደክሟት ይሆናላ!"

የሹፌሩ ሚስት በሻሿ አፏን ከልላ ሳቀች።

"የእኛስ ይብሳል እቴ። እኛ አዩብ ነው የምንለው። ተናዶባት፣ ስድን መቶ እገርፍሻለሁ ብሎ ማለ አሉ። ሲድን ጊዜ አላህ አዘነላትና፣ መቶ ቀጫጭን ሣር ባንድ ጨብጠህ አንዴ ንካት፣ መሐላህም አይፈርስ አለው።"

"ስታስታምመው ኖራ?"

"ስታስታምመው ኖራ!"

"እናንተም ጋ እኛም ጋ አልቀናትም በይኛ!"

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ግንበኛውን እንኳ ፈገግታ ቃጣው።

ሐኪሙ የገባው ይሄኔ ነው። የግንበኛውን እግር በመርፌ ነካ ነካ አድርጎ ሚስቲቱን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ከእንግዲህ እዚህ የሚደረግለት ነገር የለም፤ ነገ ቤቱ ይግባ። ሌት ተቀን ማገላበጥ ነው እንጂ መድኃኒት የለውም።

"ይራመዳል?"

ሐኪሙ መሬት መሬቱን አየ።

"ቤት ውስጥ እኮ ሰው የለኝም። ከማን ጋር ነው የማገላብጠው?"

"ጎረቤት አይጠፋም" ብሎ ወጣ።

ስትመለስ ባሏ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሏል።

"ሰምቻለሁ። እንደዚያችኛዋ ሙት በይኝና እንገላገል።"

አንሶላውን እስከ ደረቱ ሳበችለት።

"ተንበርከኪ፣ እንጸልይለት" አለ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ መጽሐፉን እንደያዘ።

አልተንበረከከችም። የሹፌሩ ሚስት ለሶላት ልትታጠብ እጅጌዋን ስትሰበስብ አየቻት።

"እህቴ፣ ዱዓ ልታደርጊ ነው?"

"አዎ፣ ለባልሽም አደርግለታለሁ።"

"ለሱ የሚለምን ሞልቷል። የዛሬውን ለእኔ አድርጊልኝ።"

"አንቺ ሴትዮ! እኔ እዚህ ቆሜ?" አለ ዋርሳዋ።

የሹፌሩ ሚስት ጠጋ አለቻት። "ምን ብዬ ልለምንልሽ?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች፣ ወደ ዋርሳዋ ሳትዞር። "ብቻ የእኔ ይሁን።"