የጭቃ ሹም ተራ

በእኛ አገር ጭቃ ሹምነት በየዓመቱ ይዞራል። አገሩን ያቀናው የወልደ ሚካኤል ዘር ያልሆነ ግን ተራ የለውም። የእኔ ዓመት ጳጉሜን ላይ አለቀ። ተመስገን! በዚያ ዓመት ሁለቴ ተገርፌያለሁ፤ አንዴ በጣሊያን፣ አንዴ በአርበኞች።

የቅዱስ ዮሐንስ ማግስት ሰውን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰብሁና ሁለቱን ወረቀቶች ከብብቴ አወጣሁ። አንደኛው ጣሊያን ከአምበር ምሽጉ የላከው ነው፤ «ገብስ አምጣ፣ መሣሪያ ያለውን ጠቁም» ይላል። ሁለተኛው ጫካ ካሉት አርበኞች የመጣ ነው፤ «ገብስ አምጣ፣ የጠቆመውን ንገረን» ይላል። ገብሱ አንድ ነው፤ አንገቴም አንድ ነው።

«አያ አበረ፣ ተራው የእርስዎ ነው» አልኋቸው።

አያ አበረ የወልደ ሚካኤል ዘር መሆናቸውን ለማስመስከር ሰባት ዓመት ደብረ ማርቆስ ተመላልሰው፣ ሁለት በሬ ሸጠው የረቱ ሰው ናቸው። ተነሡና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ።

«እኔ የወልደ ሚካኤል ዘር አይደለሁም፤ ማርያምን!» ብለው ማሉ።

ደሜ ፈላ። «እንግዲያ የሚያርሱት መሬትስ? ርስቱ የዘሩ አይደለም?»

ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። ለአንድ ክንድ ድንበር ነፍስ የሚጠፋበት አገር ነው።

አያ አበረ ጤፍ የዘሩበትን ማሳ ቁልቁል አዩት፤ ብዙ አዩት።

«ውሰደው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅሁም። ሁለቱን ወረቀቶች አጥፌ ወደ ብብቴ መለስኋቸው።