በክር የታሰረው በራድ

ፉሳኖ በራዱን በክር ያሰረችው መሬት በተንቀጠቀጠ ሳምንት ነበር። የጎረቤቷ የአበባ ማስቀመጫ ከመደርደሪያ ወርዶ ሲደቅ ድምፁን በግድግዳው በኩል ሰምታ ዕረፍት አጣች። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ገዝታ በእጀታው አሾለከችና ከግድግዳው ሚስማር ጋር ሦስት ጊዜ ቋጠረችው። በሸክላ ሥራዋ በታወቀችው ከተማቸው በአሪታ የድሮ ዕቃ ለዓይን የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ቋጠሮውን ካልነካካች ቁርስ አይወርድላትም። ሟች ባሏ ከእናቱ የወረሰው፣ ሰማያዊ ጥድ የተሳለበት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ፣ ከስስ ነጭ ሸክላ የተሠራ የፖርሴሊን በራድ ነው። ሻይ ተቀድቶበት አያውቅም።

ዛሬ የባሏ ታላቅ እህት ሚሳኦ የበራዱን ባዶ የእንጨት ሣጥን ታቅፋ መጣች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም።

«የእናቴ ሣጥን ይኸውልሽ። ክዳኑ ላይ በብሩሽ የተጻፈውን የበራዱን ስም አንብቢ። በራዱ ከሣጥኑ ጋር ነው የሚሄደው።»

«እትዬ ሚሳኦ፣ ወንድምዎ ለእኔ ነው የተወው።»

«አንቺንም ትቶሻል።»

«ሣጥኑን በቀብሩ ማግስት ሲወስዱ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ይሄን ለነጋዴ ሊሸጡት ነው።»

«ብሸጠውስ? ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጣራው ሄደ የምትዪ ሴት። እንዲህ ያለ ዕቃ ፈሪ ቤት አይቀመጥም።»

«እስከ ዛሬ የቆየው ስለምፈራ ነው።»

ሚሳኦ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ዕቃ በሣጥን ቆልፋ የምትይዝ ሴት ናት፤ ክር አስራ አታውቅም፣ ቀጭኑንም ክር ልብ አላለችውም። ፉሳኖ «ይቆዩ፣ ታስሯል» ብትል በቂ ነበር። ካለች ግን ሚሳኦ መቀስ አምጪ ትላታለች፣ እሷም ቆርጣ ታስረክባለች። ዕድሜ ልኳን ለዚች ሴት ያደረገችው ይህንኑ ነው። አፏን ዘጋች።

ሚሳኦ በራዱን በሁለት እጇ ሆዱን ይዛ መነጨቀችው።

ቀጭ አለ። በራዱ እጇ ላይ ቀረ፤ እጀታው ክሩ ላይ ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ።

«ታውቂ ነበር» አለች ሚሳኦ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ።»

ሚሳኦ በራዱን ሣጥኑ ውስጥ ከታ እጇን ዘረጋች። «እጀታውን አምጪ።»

«እጀታው የኔ ነው፣ እትዬ።»

ሚሳኦ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ ሣጥኗን ይዛ ወጣች። ፉሳኖ በሩን ቀረቀረች። ከዚያ ክሩን አሳጠረችና እጀታውን ከሚስማሩ ጋር አጥብቃ አሰረችው፤ መሬቱ ዳግመኛ ቢንቀጠቀጥ ብላ።